ዋላ የምትወልድበት ወር እንዴት ሕግ ሆነ? ከእንግሊዝ ጫካ እስከ እኛ በረት

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተምችም አይደለም የምናወጋው። ትንሽ ራቅ ብለን ታሪክ እናያለን። ግን አትቸኩሉብኝ፤ መጨረሻው ላይ እናንተው በረት ውስጥ እንገባለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው አውሬን ማደን ከጀመረ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አለበት፦ መቼ ልግደል፣ መቼ ልተው? ያገኘውን ሁሉ ባገኘበት ጊዜ የሚገድል አዳኝ ጫካውን በጥቂት ዓመት ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ለአደን ጊዜ ተበጀለት። ጊዜውን ለማበጀት ደግሞ እንስሳዋ መቼ እንደምትጠቃ፣ ስንት ወር እንደምታረግዝ፣ መቼ እንደምትወልድ ማወቅ ግድ ነው። ይህን ለማወቅ ስንት መቶ ዓመት እንደፈጀና በመሃል ገበሬው ምን እንደከፈለ የሚያሳየን ጥሩ ምሳሌ የእንግሊዝ አገር ዋላ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። በአማርኛ አጋዘን ስንል ብዙ ጊዜ በባሌና በአርሲ ተራራ ያለውን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን እንስሳ ማለታችን ነው። የእኛ አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የፈረንጆቹ ዋላ ግን ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ሥጋ ዘመዶች አይደሉም። እንዳይምታታብን እዚህ ጽሑፍ ላይ የፈረንጆቹን «ዋላ» ብቻ እያልን እንቀጥላለን።

በእንግሊዝ ጫካ ውስጥ በዋናነት ሦስት ዓይነት ዋላ ይታደን ነበር፦ ትልቁ ቀይ ዋላ፣ መካከለኛው ፋሎ እና ትንሹ ሮ። ቀይ ዋላና ፋሎ የሚሳረሩት በመከር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ገደማ። እርግዝናቸው ወደ 8 ወር ይጠጋል። የሚወልዱት እንግዲህ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። በእነሱ አገር ይህ ጊዜ ብርዱ አልፎ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ ቀኑ የሚረዝምበት ነው። እናቲቱ የምታጠባው ወተት የሚገኘው ከዚያ ሣር ነው። ቀድማ ብትወልድ ግልገሉን ብርድ ይገድለዋል፤ ዘግይታ ብትወልድ ሳይጠነክር ክረምታቸው ይደርስበታል።

የንጉሡ ጫካ

እ.ኤ.አ. በ1066 ከኖርማንዲ የመጣው ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። ይህ ንጉሥ አደን ወዳድ ነበር። ሰፊ መሬት ከልሎ «የንጉሥ ጫካ» አለው። ስሙ ጫካ ይባል እንጂ ውስጡ መንደርም፣ እርሻም፣ የግጦሽ መሬትም ነበረበት። ገበሬው እዚያው ይኖራል፣ ያርሳል፤ ነገር ግን ሰብሉን የሚበላውን ዋላ መንካት አይችልም። በዊልያም ዘመን ዋላ የገደለ ሰው ዓይኑ ይጠፋ እንደነበር የዘመኑ ዜና መዋዕል ጽፎታል። እስቲ አስቡት፤ ማሳህ ላይ ገብቶ ሰብልህን የሚያወድመውን እንስሳ ብትገድል ዓይንህ ይወጣል!

ውሻ እንኳ አልቀረም። በጫካው ክልል የሚኖር ሰው ውሻው ዋላ እንዳያሳድድ ከፊት እግሩ ሦስት ጣት ይቆረጥ ነበር።

ይህ ሕዝቡንም መኳንንቱንም አስመረረ። እ.ኤ.አ. በ1217 በሕፃኑ ንጉሥ በሄንሪ ሦስተኛው ስም «የጫካ ቻርተር» የሚባል ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዋላ ሥጋ ተብሎ ማንም ሰው ነፍሱን ወይም አካሉን እንዳያጣ ተደነገገ። አጥፊ ከተያዘ ገንዘብ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ከሌለው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይታሰራል። የውሻ ጣት መቁረጡ ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ቀጠለ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ሌላ አንቀጽ አለው። የጫካ ሹሞች በዓመት ሦስት ጊዜ እንዲሰበሰቡ ያዝዛል። ከሦስቱ አንዱ ስብሰባ የሚውለው የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ሊደርስ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ምክንያቱም በግልጽ ተጽፏል፤ ዋላዎቹ የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ። እነሱ የዮሐንስን ልደት ጁን 24 ያከብራሉ፤ እኛ ሰኔ 30። አያችሁ፣ በዚያ ዘመን የእርግዝና ስሌት በወረቀት ላይ አልነበረም። በዓሉ ራሱ የቀን መቁጠሪያ ነበር። ልክ የእኛ አባቶች «ከመስቀል በኋላ»፣ «ከሐምሌ አቦ በፊት» እያሉ ዘር እንደሚዘሩት ማለት ነው።

የታጠረው ወር

ከዮሐንስ በፊት 15 ቀን፣ ከዮሐንስ በኋላ 15 ቀን፣ በድምሩ አንድ ወር ጫካው ይዘጋል። «የታጠረው ወር» እንበለው። በዚያ ወር ዋላ አይታደንም፤ ሰው በጫካው ውስጥ እንዲሁ አይንከራተትም። የገበሬውም ከብት ከጫካው ይወጣል። ምክንያቱ የወለደችው ዋላ ግልገሏን ሣር ውስጥ ደብቃ ስለምትሄድ ነው። ከብትና ውሻ ከገባ ግልገሉ ይረገጣል ወይም እናቲቱ ደንግጣ ትሸሻለች።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የሚወልድን እንስሳ አለመረበሽ ትክክል ነው። ችግሩ ሸክሙ በማን ላይ ወደቀ የሚለው ነው። በኒው ፎረስት፣ ዊልያም ራሱ በከለለው ጫካ፣ የታጠረው ወር በኋላ ዘመን ከጁን 20 እስከ ጁላይ 20 (ከሰኔ 13 እስከ ሐምሌ 13) ነበር። በዚያ ላይ በብርዱ ወራት ለዋላው መኖ እንዲተርፍ ተብሎ ከኖቬምበር 22 እስከ ሜይ 4 (ከኅዳር 13 እስከ ሚያዝያ 26) የገበሬው ከብት እንዲወጣ ሕጉ ያዝዛል። ሁለቱን ደምሩት፤ ከዓመቱ ከ6 ወር በላይ ማለት ነው። ዋላው ይጠግባል፤ የገበሬው ላም የት ትሂድ? ይህን ጥያቄ ሕጉ አልመለሰም።

ስለ አደኑ ጊዜም የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ወንዱ ቀይ ዋላ በተለምዶ ከዮሐንስ እስከ መስቀል (በእነሱ ሴፕቴምበር 14) ይታደናል። በዚህ ጊዜ በሣሩ ወፍሮ ስብ ይይዛል። ከመስቀል በኋላ ግን ስሪያ ይጀምራል። ወንዱ ቀን ከሌት እያገሳና ከሌላው ወንድ ጋር እየተዋጋ፣ በቅጡ ሳይበላ ይሰነብታል። ሥጋው ይከሳል፣ ይሸታል። አውራ ፍየል ያረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሴቷ ደግሞ ከመስቀል እስከ ፌብሩዋሪ 2 ትታደናለች። ከዚያ በኋላ ሆዷ ስለሚገፋ ትተዋለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ልማድ የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ በሥጋው ጥራትና በሚታየው ሆድ ላይ። ሆድ ውስጥ ከዚያ በፊት ምን እንደሚካሄድ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

ሐኪሙና የንጉሡ ዋላዎች

ይህን ሊያውቅ የተነሳው ዊልያም ሃርቪ ነው። ሃርቪ ደም በሰውነት ውስጥ በልብ ግፊት እንደሚዘዋወር እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳ ታላቅ ሐኪም ነበር። የንጉሥ ቻርለስ አንደኛው ሐኪምም ነበር። ንጉሡ አደን ይወዳል፤ በበጋቸው ወንዶቹን፣ በመከርና በብርዱ ወራት ሴቶቹን ያድናል። ሃርቪ ይህን አጋጣሚ ተጠቀመበት። የአደኑ ወቅት ሴቶቹ የሚያረግዙበትን ጊዜ ይሸፍን ስለነበር፣ የተገደሉትን ሴት ዋላዎች ማህፀን እየከፈተ ማየት ጀመረ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንት የሚያምኑት፣ ሴቷ እንደተጠቃች ወዲያው ማህፀኗ ውስጥ የሚታይ ነገር ይረጋል ብለው ነበር። ሃርቪ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የተገደሉትን ከፍቶ አየ። ምንም የለም። ባዶ ነው። በኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን የሆነ ክር ነገር ማየት የጀመረው።

የንጉሡ ጫካ ጠባቂዎች ይህን ሲሰሙ አላመኑትም። እንስሳቱን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ የማህፀን ባዶነት የሚነግራቸው ገና አለመጠቃታቸውን ነው። ታዲያ ጥቂት ሴቶች ከስሪያው በኋላ ከወንዶቹ ተለይተው እንዲታጠሩ ተደረገ። ወንድ ሳይደርስባቸው በጊዜያቸው ወለዱ። ተጠቅተው ነበር ማለት ነው።

ሃርቪ ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1651 በመጽሐፍ አወጣው። ያየው ነገር ትክክል ነበር፤ የሰጠው ትርጉም ግን አልሆነም። የወንዱ ዘር ሴቷን የሚያስረግዘው ሳይነካ፣ ማግኔት ብረትን እንደሚስብ ባለ ኃይል ነው ብሎ አሰበ። እውነቱ ግን ፅንሱ መጀመሪያ ላይ በጣም ደቃቅና ቀጭን ስለሆነ በዓይን ብቻ አይገኝም። ዛሬ እኛ ላሚቱ ከተጠቃች በወሩ እጅ አስገብተን «አልያዘችም» ማለት የማንችለው ለዚሁ ነው። ባዶ መስሎ የታየ ማህፀን ባዶ ላይሆን ይችላል።

ትንሹ ዋላ የሰወረው ምስጢር

ከሁሉም በላይ ያስቸገረው ሮ የሚባለው ትንሹ ዋላ ነው። አዳኞች ሮ በሐምሌና በነሐሴ መጀመሪያ ሲሳረር በዓይናቸው ያያሉ። የምትወልደው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ነው። ስትቆጥሩት ወደ 10 ወር ይመጣል። ይህን የምታህል፣ ከፍየል ብዙ የማትበልጥ እንስሳ 10 ወር ታረግዛለች? ከእሷ በብዙ የሚተልቀው ቀይ ዋላ እንኳ 8 ወር ነው። የእኛ ፍየል 5 ወር ነች።

በዚያ ላይ በመከር የተገደለች ሮ ማህፀኗ ሲከፈት ምንም አይታይበትም። ጥር ላይ ግን ድንገት ፅንስ ይታያል። ስለዚህ በጀርመን አገር ብዙ አዳኞች እንዲህ አሉ፦ «የሐምሌው ጨዋታ ነው፤ ትክክለኛው ስሪያ በታኅሣሥ ነው።» ይህ ክርክር ቀላል አልነበረም። የአደን ወቅት የሚወሰነው በዚህ ላይ ነውና። ስሪያው ታኅሣሥ ከሆነ በመከር የምትገደለው ሴት እርጉዝ አይደለችም፤ ሐምሌ ከሆነ ግን እርጉዝ ነች።

መልሱ በ19ኛው መቶ ዓመት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1843 ሉድቪግ ዚግለር፣ ቀጥሎ በ1854 ቴዎዶር ቢሾፍ የተባሉ ጀርመናውያን በረቂቅ ምርመራ የጠፋውን ፅንስ አገኙት። ሮ በእርግጥም የምትጠቃው በሐምሌ ነው። ፅንሱ ይፈጠራል፤ ነገር ግን ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሳይያያዝ፣ በጣም ደቃቅ ሆኖ 5 ወር ያህል ይቆያል። እንደ ደረቅ ዘር ነው፤ መሬት ውስጥ ተኝቶ ዝናብ እንደሚጠብቅ። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ይነቃና በፍጥነት ያድጋል። ከዚያ በ5 ወር ይወለዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም መንታ ነው።

ጥቅሙ ምንድነው? ስሪያው ወንዱም ሴቷም ጠግበው ሰውነታቸው በጠነከረበት ወቅት ይሆናል፤ ልደቱም ሣር በበዛበት ወቅት ይሆናል። በመሃል ያለው ትርፍ ጊዜ በእንቅልፍ ያልፋል። የእግዜር ሥራ ይገርማል።

ሕጉ ወደኋላ፣ ሕጉ ወደፊት

እውቀቱ ሲያድግ ሕጉ ሁልጊዜ አብሮ አላደገም። እ.ኤ.አ. በ1723 እንግሊዝ አገር አንድ ከባድ ሕግ ወጣ። ፊቱን አጥቁሮ ወይም ተሸፍኖ ዋላ ለማደን የገባ ሰው ሞት ይፈረድበት ጀመር። የ1217ቱ ሕግ «ስለ ዋላ ነፍስ አይጥፋ» ካለ ከ500 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ይህ ሕግ አብዛኛው ክፍሉ የተሻረው በ1823 ነው።

በ1851 ደግሞ ከኒው ፎረስት ዋላዎቹ እንዲወገዱ ፓርላማው ወሰነ። ገበሬው እፎይ አለ? አላለም። በምትኩ መንግሥት 10,000 ኤከር (4,000 ሄክታር ገደማ) ተጨማሪ መሬት አጥሮ ዛፍ እንዲተክል ተፈቀደለት። ግጦሹ በዋላ ፋንታ በአጥር ተወሰደ። ገበሬዎቹ ተደራጅተው ተከራከሩና በ1877 በወጣ ሌላ ሕግ አጥሩ ገደብ ተበጀለት።

ለእንግሊዝና ዌልስ በሙሉ የሚሠራ፣ ዋላን በዓይነቱና በጾታው ለይቶ የማደኛ ወቅት ያበጀው ሕግ የወጣው በ1963 ነው። ዛሬ በእንግሊዝ የቀይ፣ የፋሎና የሮ ሴቶች ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 (ከመጋቢት 23 እስከ ጥቅምት 21) አይነኩም። ይህ ጊዜ ሁለት ነገር ይሸፍናል። የመጀመሪያው እርግዝናዋ የገፋበት፣ ሁለተኛው ግልገሉ ያለ እናቱ መኖር የማይችልበት ጊዜ ነው። የድሮዎቹ አንድ ወር ብቻ አጥረው ነበር፤ የዛሬዎቹ ግልገሉ እስኪጠነክር ጠበቁ። ልዩነቱ ይህ ነው።

አንድ የማይካተት ግን አለ። ሙንትጃክ የሚባል ከቻይና የመጣ ትንሽ ዋላ አሁን በእንግሊዝ ተራብቷል። እሱ ወቅት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ይወልዳል። ሴቷ 7 ወር አርግዛ ትወልድና በጥቂት ቀን ውስጥ እንደገና ትጠቃለች። ስለዚህ ሕጉ የማደኛ ወቅት ሊያበጅለት አልቻለም። አዳኞች የሚመከሩት ገና ያልወለደች ወጣት ወይም ሆዷ በግልጽ የገፋ እንድትመረጥ ነው፤ ጥገኛ ግልገል ጥላ እንዳትሞት። በአንድ በኩል ያሳዝናል፤ ግን በረሃብ የሚሞት ግልገል ከመተው ይሻላል ብለው ነው።

ዛሬ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ተኩላው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዋላው በዝቶ ሰብልና ችግኝ ይበላል። ስለዚህ ስኮትላንድ በ2023 የወንዶቹን ክልከላ አነሳች። የሴቶቹን ግን አላነሳችም። የማደኛ ወቅት እንደ ዘመኑ ችግር ይለወጣል፤ እናት የምትጠበቅበት ምክንያት ግን አይለወጥም።

ታዲያ ለእኛ ምን ይነግረናል?

የፈረንጅ ዋላ በወቅት የሚሳረረው የቀኑ ርዝመት ስለሚነግረው ነው። ለንደን ላይ ረጅሙ ቀን 16 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አጭሩ 8 ሰዓት አይሞላም። ይህን ልዩነት የእንስሳው አንጎል ያነበዋል። እኛ አገር ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የእኛ በግና ፍየል እንደ ሙንትጃኩ ናቸው፤ ወንድ ካገኙና አቋማቸው ከተስተካከለ በማንኛውም ወር ይጠቃሉ።

ይህ ማለት እዚያ ተፈጥሮ የሠራውን የቀን መቁጠሪያ እዚህ የሚሠራው ገበሬው ነው። አውራውን ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ከለቀቅነው ግልገሉ በየካቲትና በመጋቢት፣ መኖ ባለቀበት ሰዓት ሊወለድ ይችላል። እናቲቱ ወተት የላትም፤ ግልገሉ ያልቃል። ስለዚህ፦

1. ወደኋላ ቁጠሩ። በግና ፍየል 5 ወር፣ ላም 9 ወር ከጥቂት ቀን ነው። ግልገል በጥቅምት አጋማሽ እንዲወለድላችሁ ከፈለጋችሁ በግንቦት አጋማሽ አውራውን አገናኙ። ጥጃ በመስከረም መጀመሪያ እንዲወለድ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መጀመሪያ ላሟ ትጠቃ። የአካባቢያችሁን ዝናብ አይታችሁ አስተካክሉት።

2. የተጠቃችበትን ቀን ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ። የንጉሡ ጠባቂዎች ዕድሜ ልክ አብረዋቸው ኖረው ያልለዩትን አንድ መስመር ጽሑፍ ይለየዋል።

3. ለበዓል ስትሸጡ ሴቷን በሆዷ ብቻ አትፍረዱ። በመጀመሪያው ወር ያለች በግ ባዶ ትመስላለች። ለአንድ በግ ዋጋ ሁለት ወይም ሦስት ሸጣችሁ እንዳትገቡ ቀኑን አስሉ።

4. መሸጥ ካለባችሁ ትርፍ ወንዶችን ሽጡ፤ ግን ምርጡን ወንድ አስቀሩ። አንድ ጤነኛ አውራ ወደ 25 ለሚሆኑ ሴቶች ይበቃል። መንጋ የሚበዛው በሴቷ ቁጥር ነው፤ መልኩና ዕድገቱ ግን ባስቀራችሁት አውራ ነው።

5. የቀበሌያችሁን የግጦሽ ክልል ስትዘጉ መጀመሪያ የከብቱን መውጫ አስቡ። መሬት ከልሎ ማሳረፍ ጥሩ ነው። ነገር ግን የኒው ፎረስት ታሪክ እንደሚያሳየን፣ ለተከለለበት ሰው አማራጭ ሳይሰጥ የተከለለ መሬት ጠብ ነው የሚያተርፈው። ታጭዶ የሚሰጥ ሣር፣ ተራ የማስገባት ስምምነት፣ የገለባ ክምችት ቀድሞ ይዘጋጅ።

የዱር እንስሳን በተመለከተ ደግሞ በእኛም አገር ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑን አትርሱ። ሰብላችሁን የሚያጠፋ አውሬ ካስቸገራችሁ ለቀበሌና ለወረዳ ቀድማችሁ አመልክቱ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። ለዋላ አንዲት ወር ከማጠር ተነስተው እናትንና ግልገልን አብሮ የሚጠብቅ ሕግ እስኪደርሱ 700 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኛ ግን የበጋችንን ቀን ለመጻፍ ማንንም መጠበቅ የለብንም፤ ዛሬ ማታ በጎቹ ሲገቡ መጀመር ይቻላል። የጠቀማችሁ ከሆነ ስልክ ለሌለው ጎረቤት አንብቡለት። ቸር እንሰንብት።